ለየሻረግ፣ ስለ ጥንቸሎችሽና ስለ ሰበርኩት ድስት

የሻዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ሞላን። ሌላው ሰው ሐዘኑን በወር በዓል ይቆጥራል፤ እኔ በጥንቸሎችሽ ወሊድ መቁጠር ከጀመርኩ ሰነበትኩ። ሻሽ፣ ያቺ ግንባረ ነጯ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወልዳለች፤ አራተኛው ደርሷል። ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ፤ ቀኑ ከቀኑ ተመሳስሎብኛል።

ሰላምታዬን በማማረር ስለጀመርኩ ይቅር በይኝ። ደክሞኛል። ጠዋት ከኪዳን ስመለስ እነሱን መመገብ፣ ከዚያ ተማሪዎቼን ዜማ ማስቀጸል፣ ከሰዓት በኋላ ሣር ማጨድ፣ አመሻሽ ላይ ከወለሉ ሥር ያለውን ፍግ መዛቅ። ስድሳ ዓመት ያለፈው መሪጌታ የጥንቸል ፍግ ሲዝቅ ብታዪ በሳቅ ትሞቺ ነበር። ይኸው ቃሉ አመለጠኝ። የምጽፈው ሁሉ እንዲህ ይወላገድብኛል።

ቤቱ እንደተውሽው ነው። የኩሽናው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል፤ ዘንድሮም ሳላስጠግነው ክረምቱ ሊወጣ ነው። ልጃችን ትርሲት አጅባር ማስተማሯን ቀጥላለች፤ መኪና ሲገኝ ትመጣለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች፣ ከስተሃል ብላ ትቆጣኛለች፣ ትመለሳለች። የተከልሽው ጌሾ በፍጉ ወፍሮ አጥሩን አልፏል። ጥንቸሎቹን የሚጸየፉት ጎረቤቶቻችን ጌሾውን አይጸየፉትም። ቅጠል ስጠን ብለው ሲመጡ እሰጣለሁ፤ አንቺም ዝም ብለሽ ነበር የምትሰጫቸው።

አጀማመራችንን አልረሳሁም። እርሻው ከእጅ ወደ አፍ በሆነበት ዓመት፣ ትርሲትም ኮሌጅ ልትገባ ስትል፣ ከግብርና ሥልጠና ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ጥንቸል በእንቅብ ሸፍነሽ ይዘሽ ገባሽ። እኔ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማይበላ አውሬ ቤተ ክርስቲያን በሚያገለግል ሰው ግቢ እንዴት ይገባል ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ። አንቺ አልተከራከርሽም። የእኛ ሥራ ማርባት ነው፣ መብላት የሚበላው ሰው ጉዳይ ነው አልሽና ጭቃሽን ማቡካት ጀመርሽ።

ቤታቸውን ራስሽ ሠራሽው። የባሕር ዛፍ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከኩሽናው የተረፈ ቆርቆሮ። ወለሉን ከመሬት እስከ ወገብሽ ከፍ አድርገሽ በተሰነጠቀ ሸምበቆ ረበረብሽው፤ ሽንቱና ፍጉ በቀዳዳው ወደ ታች እንዲወርድ። ጥንቸል የሚገድለው እርጥብ ወለል ነው፣ የመካነ ሰላም ብርድስ ጸጉሩን ያወፍርለታል ትዪ ነበር። ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ፊቱን በሽቦ ዘጋሽው። ወንዱን ለብቻው፣ እናቶቹን ለየብቻ፣ ለእርድ የሚደርሱትን ደግሞ አንድ ላይ አደረግሽ። ለማስጠቃት ሴቷ ወደ ወንዱ ቤት ትወሰዳለች እንጂ ወንዱ ወደ እሷ አይሄድም፣ ቤቴ ተደፈረ ብላ ትቧጭረዋለች አልሽኝ አንድ ቀን። ያን ጊዜ መስማት አልፈልግም ነበር፤ ጆሮዬ ግን ሰምቶ አስቀምጦልኛል።

ሥጋውን መንገድ የሚሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ይወስዱት ነበር፤ እነሱ ሲሄዱ በሚኒባስ ደሴ ላለ ሆቴል መላክ ጀመርሽ። ለዚያ ሥራ የተለየ ቢላ ነበረሽ፣ የተለየ ሽርጥ፣ የተለየ ሳፋ። ስትጨርሺ እጅሽን በአመድ ሦስቴ ታጥበሽ ነበር ወደ ቤት የምትገቢው። ይህም ሁሉ ሆኖ ሰው ይበሉታል ከማለት አልተመለሰም። ማኅበር ሲደርስሽ ጠላሽን ከንፈራቸውን አስነክተው የሚያስቀምጡ ሴቶች ነበሩ፤ ጎረቤታችን ዘነበች ደግሞ ጭራሽ አትቀበልም ነበር። አንቺ ቤት ከገባሽ በኋላ ዋንጫዎቹን እየደፋሽ ትስቂ ነበር። ሳቁ የእውነት እንዳልነበረ አውቃለሁ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ከጥንቸሎቹ አንድ ቁራጭ ሥጋ ወደ ድስታችን አልገባም። እስከዚያች ቀን ድረስ ማለቴ ነው። ደብዳቤውን የጀመርኩትም ስለዚያች ቀን ልነግርሽ ነው፤ ይኸው ሦስት ገጽ ዞርኩ።

አምና ፍልሰታ ተፈቶ ብዙም ሳይቆይ ወደቅሽ። ሁለቱን በጎች ሸጠን ደሴ ሐኪም ቤት ወስደን መለስንሽ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደሟ አልቋል፣ የሥጋ መረቅ ካልጠጣች አትነሣም አለችኝ። የሰፈሩን ዶሮ በሰኔ ፈንግል ጨርሶታል። መንገዱን ናዳ ዘግቶት ሁለት ሳምንት ገበያ አልቆመም፤ ሥጋ ቤቱም ተዘግቷል። አንቺ ውኃ እንኳ አልወርድ እያለሽ ነበር። ጎረቤት ብለምን ግን አላጣም ነበር። ዘነበች ጓሮዋ በግ አስራ ነበር፤ ሲጮኽ ከአልጋሽ አጠገብ ሆኜ እሰማዋለሁ። አልለመንኳትም።

ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። እኔ ልጅነቴን ሙሉ ቁራሽ ለምኜ የተማርኩ ሰው ነኝ። ደበሎ ለብሼ በየደጁ ስለ እመቤቴ ማርያም ስል ውሻ የነከሰኝ ጠባሳ ባቴ ላይ አለ፤ በተጋባን ሳምንት አይተሽው አልቅሰሽለታል። መሪጌታ የተባልኩ ዕለት ከእንግዲህ በሰው ደጅ ቆሜ አልለምንም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ያን መሐላ ከአንቺ አስበለጥኩት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም።

ስለዚህ ጥንቸሎችሽ ቤት ገባሁ። አንቺ የሠራሽውን ደፍ ስረግጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ለእርድ ከደረሱት አምስት ወንዶች አንዱን ያዝኩ። በስመ አብ ልበል አልበል እያልኩ ብዙ ቆየሁ፤ በመጨረሻ ዝም ብዬ አረድኩት። እኔ ዶሮ አርጄ ለአንቺ አቀብላለሁ እንጂ መበለቱን አላውቅበትም፤ የሆነው ሆኖ በእናትሽ የሸክላ ድስት ቀቀልኩት። ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቼ በጣቴ አላምኩት፤ አጥንቱን ጌሾው ሥር ቀበርኩት። ለአንቺ አንድ ተማሪዬ ከቤተሰቡ ያመጣልኝ ዶሮ ነው አልኩሽ።

ዓይንሽን ጨፍነሽ ጠጣሽው። እጅህ ይጣፍጣል አልሽኝ። ከዚያ ወጥቼ ድስቱን ድንጋይ ላይ ሰበርኩትና ከእጄ አመለጠ ብዬ ሁለተኛ ዋሸሁሽ። ከእናትሽ የቀረሽ ዕቃ እሱ ብቻ ነበር። ዕቃ ነው፣ ይሰበራል አልሽና ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ።

በሦስተኛው ቀን ቀና ብለሽ ተቀመጥሽ። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ኃጢአቴንም ረስቼው ነበር። ጥንቸሎቼን ልያቸው ብለሽ አስቸገርሽኝ። በጋቢ ጠቅልዬ፣ ደግፌ እስከ ሽቦው ወሰድኩሽ። አፊያ ናቸው? አልሽኝ። አፊያ ናቸው አልኩሽ። ወንዶቹ ያሉበት ፊት ቆመሽ ብዙ አየሽ። አራቱም የማገጥ ሣር እያኘኩ ነበር። ሣሩን አጠውልገህ ስጣቸው፣ እርጥቡ ሆዳቸውን ይነፋዋል ብቻ አልሽኝ። ቤት እንደገባን መቁጠሪያሽን ጠየቅሽኝ።

ከዚያ ወዲያ ነው አልጋ ላይ ተቀምጠሽ ግንባርሽን ጉልበትሽ ላይ እየደፋሽ መቁጠሪያውን ማንቀሳቀስ የጀመርሽው። ጠዋት ትደፊያለሽ፣ ማታ ትደፊያለሽ። መቆም ላቃተው ሰው ምን ስግደት አለበት ብዬ ተቆጣሁሽ። ለጤናዬ ነው አልሽኝ። የነፍስ አባታችንን መምሬ ተስፋን አስጠራሽ፤ እሳቸው ሲገቡ እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ። መስቀል ባለፈ በአራተኛው ቀን አረፍሽ።

ለቅሶሽ ላይ ድንኳኑን ከጥንቸሎቹ ቤት ግድግዳ አስጠግተው ጣሉት። ሻሽ በዋዜማው ወልዳ ነበር። ማንም አላሰበውም፤ እኔም አላሰብኩትም። በሙሾውና በጩኸቱ ደንብራ ልጆቿን ረግጣ ጨረሰቻቸው፣ ከፊሎቹንም በላቻቸው። ያየሁት ሥልስትሽ ዕለት ነው። ሰዉ ገደ ቢስ ናት፣ ትወገድ አለኝ። እኔ ደግሞ የተላከው ለእኔ ነው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ከሽቦው ፊት ተቀመጥኩ። በኋላ ትርሲት ከሥልጠናው ደብተርሽ አንብባ ነገረችኝ፤ በወለደች ሳምንት ጸጥታ ትፈልጋለች፣ እንግዳ አይጠጋት ብለሽ በእጅሽ ጽፈሽዋል።

በሚቀጥለው ወሊዷ ደግሞ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። ጠዋት ከኪዳን መልስ አያለሁ፣ ቀትር ላይ አያለሁ፣ ማታ አያለሁ፤ ሻሽ ከልጆቿ ርቃ ጥግ ላይ ተኝታለች። ጨከነች ብዬ ጥጥ በላም ወተት እየነከርኩ እኔው ላጠባ ተነሣሁ። ከስድስቱ ሁለት ተረፉ። ደብተርሽን ያኔ ራሴ ገልጬ አነበብኩ። ጥንቸል በቀን አንዴ ብቻ፣ ያውም ጎሕ ሳይቀድ ታጠባለች፤ ቀን ከልጆቿ የምትርቀው አውሬ ጎጇን እንዳያውቅባት ነው። ለካ እሷ ከእኔ በፊት ጨርሳ ኖሯል። ዓይኔ ስላላየ የለም ብዬ ፈረድኩባት።

ተዝካርሽ ዕለት የሆነውንም ልንገርሽ። ዳሱ ሞልቶ ነበር፤ ሰው ይወድሽ ነበር፣ በዚህ አትጠራጠሪ። ጸሎቱ አልቆ ምግቡ ሲቀርብ ግን እጁን የሚዘረጋ ጠፋ። ሁሉም ገበታውን ያያል። ዘነበች ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ፣ የኔታ፣ አይቆጡኝና ድስቱ ንጹሕ ነው ይበሉንና እንቅመሰው አለች። ድስቶቹ እንኳ ንጹሕ ነበሩ፤ ያንን ሰብሬዋለሁ። ሰዉ የፈለገው ግን በዚህ ቤት ከቶ አልተበላም እንድል ነው። ማተቤን ያዝኩ። ቃሉ ከጉሮሮዬ ሊወጣ ሲል መምሬ ተስፋ ቁጭ በል፣ በተዝካር ላይ አይማልም ብለው ዳቦውን ባርከው ቆረሱና ከሁሉ ቀድመው ጎረሱ። ነፍስ አባት ከጎረሱ ማን ይቀራል? ዳሱ ሁሉ በላ። እኔ ሽማግሌው ርቧቸው ነው ብዬ ነበር።

አሁን ሙት ዓመትሽ ወር ቀርቶታል። ዘነበች ከሰኔ ጀምራ ትመላለሳለች። የኔታ፣ እንዳይከፋዎት፣ እነዚያ ነገሮች ግቢ ውስጥ ሳሉ ማኅበርተኛው ሁለተኛ አይቀምስልዎትም፣ ያስወጧቸውና አብሽሩ፣ ጠላውን እኔው እጠምቀዋለሁ ትለኛለች። ክፋት የለባትም፤ ሙት ዓመትሽ እንዲበላልሽ ፈልጋ ነው። እኔም ለነፍስሽ የሚጸልይ አፍ ከጥንቸል አይበልጥም ወይ ብዬ ተሸነፍኩ። ደጎሎ ያለ አንድ አርቢ ከነሽቦው ልውሰዳቸው ብሎ ለቅዳሜ ተቀጣጠርን። የድካሜም ነገር አለ፣ አልዋሽሽም። ሲሄዱ አርፋለሁ ብዬ አስቤያለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ሸክሜን ልጣል ብዬ የፍልሰታ መጨረሻ ዕለት መምሬ ተስፋ ፊት ተንበረከክሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኩራቴን፣ ጥንቸሉን፣ ድስቱን፣ ልምል የነበረውን መሐላ። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ሲበቃኝ ለአርባ ቀን ስግደት ሰጡኝ። አነሰብኝ። አባቴ፣ ሚስቱን ሳታውቅ ርኩስ ላበላ ሰው ይህ ምን ያደርግለታል አልኳቸው። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው፣ አንተ ለመለመን ስለ ኮራህበት ስገድ፤ ሳታውቅ የምትለውን ግን ከንስሐህ አውጣው አሉኝ። ይህንንም በማለታቸው የከበዳቸው መሰለኝ፤ ፊታቸውን ቶሎ ወደ መቅደሱ መለሱት።

ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ያን ቀን ሦስቴ ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት።

አውቀሽ ጠጣሽው፣ የሻዬ። ስንት ዓመት በእጅሽ የገፈፍሽውን ሥጋ ሽታውን ልትስቺ ኖሯል? ድስቱ ለምን እንደተሰበረም ገብቶሻል። ሽቦው ፊት ቆመሽ አምስት የነበሩትን አራት ብለሽ ቆጥረሽ፣ ስለ ሣር አወራሽልኝ። ከዚያ የእኔን ጥፋት የራስሽ አድርገሽ ለነፍስ አባታችን ነገርሽ። ያን ሁሉ ቀን ግንባርሽን ጉልበትሽ ላይ ስትደፊ ለጤናዬ ነው ያልሽው ውሸት ነበር። እኔ ደግሞ ተቆጣሁሽ።

መጀመሪያ ተናደድኩብሽ። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ባዶው አልጋ ላይ ጮኽኩ። ንዴቴ ሲበርድ ገባኝ፤ ብትነግሪኝ ኖሮ ዓይንሽን ዳግመኛ ማየት እንደማልችል ታውቂ ነበር። የቀሩሽን ጥቂት ቀናት አንገቴን ደፍቼ እንዳላሳልፍብሽ ነው። ናፈቅሽኝ። ከሞትሽም ወዲህ እንደዚያን ቀን ናፍቀሽኝ አታውቂም።

በማግስቱ ሁለት ነገር አደረግሁ። ለደጎሎው ሰው አትምጣ ብዬ ላክሁበት። ከዚያ በትሬን ይዤ ዘነበች ደጅ ሄድኩ። አልገባሁም። ይግቡ እንጂ የኔታ ብትለኝም ከደጁ ላይ ቆሜ፣ በልጅነቴ እንደማደርገው ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ፣ ስለ እመቤቴ ማርያም አልኳት። ድምፄ ያ የድሮው አልነበረም። ለየሻረግ ሙት ዓመት እንድትመጪ ልለምንሽ ነው የመጣሁት፣ ጥንቸሎቹ ግን ከግቢዬ አይወጡም አልኳት። ያደረግሁትንም ነገርኳት፤ ዶሮ ብዬ ጥንቸል እንዳበላሁሽ። አንቺ ማወቅሽን ግን አልነገርኳትም። እሱ የእኔና የአንቺ ነው።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወደ ጓሮዋ ዞራ፣ በጉ እኮ እዚሁ ታስሮ ነበር፣ የኔታ አለችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሁለታችንም ደጁ ላይ አለቀስን። ትመጣ እንደሆን አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አላለችም። ከእሷ ቤት ወጥቼ ወደሚቀጥለው ደጅ ሄድኩ። ዛሬ ስምንተኛው ላይ ነኝ። አንዳንዱ በሩን ዘጋብኝ፣ አንዳንዱ እንመጣለን አለ፣ የአንዱ ቤት ውሻ ደግሞ እንደ ጥንቱ አባረረኝ። ሙት ዓመትሽን የሚቀምሰው ይህን አውቆ የሚመጣ ሰው ነው፤ ዳሱ ባይሞላም እንኳ ማንም በመሐላ አይበላልሽም።

ሻሽ ዛሬ ጠዋት የደረቷን ጸጉር መንጨት ጀምራለች፤ ለልጆቿ ማልበሻ። ደረቷ ተመልጦ ቆዳዋ ይታያል። መውለጃ ሣጥኗን አጽድቼ ጭድ ነስንሼላታለሁ፣ ለሰውም ወዲያ አትሂዱ ብያለሁ። የሙት ዓመትሽን ዳስ በወዲያኛው አጥር በኩል እጥለዋለሁ፣ ከእሷ ርቆ። የትናንቱ ሣር ጥላው ሥር ተሰጥቶ ጠውልጓል።

እንዳልረሳሽ ቃል ግባ ብትዪኝ፣ መርሳት ቢያምረኝስ በየት በኩል? ሽቦውን በከፈትኩ ቁጥር እጅሽን አገኘዋለሁ። የተሰጠኝ አርባ ቀን ነው፤ እኔ ግን ጉልበቴ እስከታዘዘልኝ ድረስ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣሁ፣ ጥንቸሎችሽን ሳልመግብ በፊት እሰግዳለሁ። በዚያ በደከመ አንገትሽ የአንቺንም የእኔንም ድርሻ ሰግደሽዋል። ከእንግዲህ ያለው የእኔ ነው፤ አንቺ ግንባርሽን አሳርፊ።

ባልሽ